አሜን ያልኩበት የስኖውሞቢል ውድድር

ኮቪድ መጥቶ ሁሉም ሰው ማስክ ሲያደርግ ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰው ፊቴን አያይም፣ ስናገር አይሰማኝም፣ ስለዚህ አያናግረኝም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስማር እንኳ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም። ማስኩ እየቀረ ሲመጣ ደግሞ ሄልሜት አገኘሁ።

ሄልሜቱን ያስለመደኝ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው። ከኦሃዮዋ ኮሎምበስ ወጣ ብሎ እርሻ አለው። በወጣትነቱ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ በስኖውሞቢል፣ ማለትም በረዶ ላይ በሚሄደው ሞተር፣ ይሽቀዳደም ነበር። በኋላ ሞተሩም ልብሱም የሀብታም ነገር ሆነና ውድድሩ ሞተ። ሽማግሌው ጡረታ ሳይወጣ ሊያስነሣው ቆርጦ ተነሣ። ደንቡ አጭር ነው፤ አቧራ የጠጣ አሮጌ ሞተር ብቻ፣ መግቢያው አንድ ትሪ ምግብ። አዲስ ሞተር ያመጣ ሰው ምግቡን ትቶ ይመለሳል።

የምኖረው እዚያው አቅራቢያ ሬይኖልድስበርግ፣ እንደ ልጅ ያስጠጉኝ ባልና ሚስት፣ እትዬና ጋሼ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ሽማግሌው አንድ የሞተ ስኖውሞቢል ሰጠኝና ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ይፈቱት ይገጥሙት ጀመር። እትዬ መጥተው ዞረው አዩት።

"ጎማው የታለ?"

"የለውም።"

"ጎማውን ሰርቀው ነው የሸጡላችሁ?"

"በነፃ ነው የሰጡን" አሉ ጋሼ።

"እንደዚያ በሉኝ! ማን ይገዛዋል!"

በረዶ በጣለ ጊዜ እርሻው ላይ ሞከርኩት። ሄልሜት አጥልቄ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ማን ሊያናግረኝ ይችላል? እኔም ጮኽኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላምረኝ አለ።

ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። የኦሃዮ በረዶ እንደ ልማዱ ሐሙስ ጥሎ ዓርብ ጠፋ። "ሳሩ ላይ እንነዳለን" አለ ሽማግሌው። ከዚያ አስጠነቀቀኝ፤ "ይኼን ሞተር የሚያቀዘቅዘው በረዶው ነው። ሳር ላይ ቆሞ ከሠራ ይፈላል። እንደተነሣልሽ ሂጂ።" ሴት ተወዳዳሪዎች ደግሞ ከእኔ ጋር ሦስት ብቻ ነን፤ አንዷ ከቀረች የሴቶች ዙር ይሰረዛል።

እትዬ ለመግቢያ ሳምቡሳ ጠብሰው መጡ። ጋሼ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ስበው ስበው፣ ላብ በላብ ሆነው አስነሡት። ልንቀሳቀስ ስል እትዬ እጃቸውን ሄልሜቴ ላይ ጫኑ።

"ሳይጸለይማ አትሄጂም!"

የእትዬ ጸሎት አጭር አይደለም። ከአሜሪካ መሪዎች ጀመሩ። የመኖሪያ ወረቀት ወዳላገኙት አለፉ። ቤክስሊ ሰፈር ቤት የሚፈልግ የአጎታቸው ልጅ ጋ ደረሱ። ሽማግሌው ነገሩ ግራ ገብቶት ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ሁለቱ ሴቶች መስመሩ ላይ ሆነው እኔን ይጠብቃሉ። ከእግሬ ሥር የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እኛ ቤት ደግሞ ጸሎት አይቋረጥም። ጋሼ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ጭሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ጨፈኑ። ብዙ ዓመት በትዳር የኖሩ ሰው ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።

"ደግሞም ጌታ ሆይ፣ በየሆስፒታሉ ያሉትን..." ብለው እትዬ ትንፋሽ ወሰዱ።

"አሜን!" አልኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያጠራቀምኩት ድምፅ ነው መሰለኝ፣ ራሴን አስደነገጠኝ። ጋሼ እንደዳነ ሰው "አሜን!" ብለው ተቀበሉኝ። ሽማግሌውም ከሁላችን በላይ ጮኸ።

"ማነው እሱ? ገና እኮ ነኝ!" ሲሉ እትዬን ሰማሁ። እኔ ግን ሄጃለሁ።

ሁለቱ ሴቶች ገና ከጅምሩ ጥለውኝ ሄዱ። የኔው ሞተር መጨረሻው አጠገብ ሲደርስ ተንገጫግጮ ጠፋ፤ ደግነቱ ቁልቁለት ነበርና ተንሸራትቶ መስመሩን አለፈ። ሽማግሌው ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ። እትዬ የሳምቡሳውን ትሪ እንደያዙ በጭቃው ውስጥ እየተራመዱ መጡ።

"ባታቋርጪኝ ኖሮ አንደኛ ትወጪ ነበር" አሉ። "ሞተሩ ጋ ገና አልደረስኩም ነበር።"

"እሺ እትዬ" አልኩ፣ ሄልሜቱ ውስጥ እየሳቅኩ።