ለዘንዶዋ ያስቀመጥኩት የዶሮ እንቁላል

ትናንት ጠዋት ምራቴ ከዶሮዎቹ ጎጆ እንቁላሉን ሁሉ ለቅማ ልትወጣ ስትል፣ «አንዱን ለዶሮዋ ተዪላት እንጂ፤ ባዶ ከሆነባት ሌላ ቦታ ሄዳ ነው የምትጥለው» አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ግን ተወች። እኔ ጎንደር ግቢዬ ውስጥ እንደቆምኩ ሐሳቤ ካርቱም ከተማ፣ ሪያድ የሚባለው ሰፈር ገባ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኡስታዝ ሃሚድ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቤት ግቢ እጠርግ ነበር። ኢቃማዬም፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለት ነው፣ በእሳቸው ዋስትና የወጣ ነው። ሰውዬው በጓሮ ክፍል ዘንዶ ያረቡ ነበር። ገበሬው ባየ ቁጥር እየገደለ ዘሩን እንዳያጠፋው ብለው። እናቴ በየወሩ ጊዮርጊስን ትዘክራለች፤ ዘንዶ የገደለውን። ልጇ ደግሞ ለዘንዶ የአራስ ቤት ያዘጋጃል። ይህን እስክትሞት አልነገርኳትም።

የአራስ ቤቱ ክዳን ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። በጎኑ ዘንዶዋን የሚያሾልክ ክብ ቀዳዳ እበሳለሁ፣ ውስጡን የወንዝ አሸዋና የቴምር ዛፍ ቃጫ ሞልቼ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። ልኩ በእጅ ነው የሚታወቀው፤ ሲጨብጡት ይያያዛል፣ ግን አያንጠባጥብም። በካርቱም የግንቦት ሙቀት ጠዋት ያረጠብኩት ለምሳ ሰዓት ይደርቃል።

ትልቋን ዘንዶ ኡስታዝ «ሲት» ይሏታል፤ እመቤት ማለታቸው ነው። ሲት ሣጥኑን እምቢ አለች። ሆዷ ተወጥሯል፣ ቀኗ አልፏል፤ ክፍሉን ስትዞር ትውላለች። እንቁላሉ ውስጧ ከቀረ ትሞታለች አሉኝ። ሦስት ዓመት የጠበቋት ናት። በማግስቱ ሐኪም መጥቶ መርፌ እንዲወጋት ቀጠሩ።

ነገሩን ለወጥ ሠሪዋ ለእትዬ አስካለ ነገርኳት። ጎጃሜ ናት፤ የዘንዶውን ክፍል በሩቁ አማትባ ነው የምታልፈው። «ታዲያ ባዶ ጎጆ ላይ ማን ይጥላል?» አለች ሽንኩርቷን እየከተፈች። «ዶሮም አትጥል። ያላ፣ በል፣ ይቺን አስቀምጥላት፤ ኢንሻአላህ ትጥላለች።» ከፍሪጅ አንድ እንቁላል አውጥታ ሰጠችኝ። እኔም፣ ዶሮ ከሚረባበት ቤት ያደግኩ ልጅ፣ እውነቷን ነው ብዬ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ዘንዶዋ ገብታ ተጠቅልላ ተኛች። ኡስታዝ በቀዳዳው ባትሪ ሲያበሩ በጥቅልሏ መሃል ነጭ ነገር ታያቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ጀመረች። ማንም እንዳይነካት» አሉ። ወዲያው ስልክ አንስተው ሐኪሙን አትምጣ አሉት።

ብናገር ያባርሩኛል፤ ያለ ኢቃማ ደግሞ ማዮ የሚባለው የድሆች ሰፈር ገብቶ ከፖሊስ መደበቅ ነው። ዝም ብል ሲት ትሞታለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር ሆነብኝ። የጠረግኩትን ግቢ መልሼ ጠረግኩት። ፈራሁ፤ ከዘንዶዋ ይልቅ ሰውዬውን ፈራሁ። በመስኮት በኩል ለእህታቸው ሲደውሉ፣ «ኢንሻአላህ እስከ ነገ ሃያ ይሆናል» ሲሉ ሰማሁ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር። መጥረጊያውን ጥዬ ገባሁ።

«ያ ኡስታዝ፣ እንቁላሉ የዶሮ ነው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

ስልኩን አስቀመጡ። «ለምን?»

«በእኛ አገር ለዶሮ እንዲህ ይደረጋል። ቦታው የእሷ መሆኑን አውቃ እንድትመለስ።»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሐኪሙን መልሰው ጠሩ። የእትዬ አስካለን ስም አላነሳሁም። ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ አደርኩ።

ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ ወጋት። እስከ ቀትር አሥራ ሰባት ጣለች፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው የተበላሹት። አንድ ቀን ብትቆዩ አትተርፍም ነበር ብሎ ሄደ። ኡስታዝ ሲወጡ በር ላይ ከነፌስታሌ ተቀምጬ አገኙኝ። አየት አደረጉኝና፣ «ያላ ተነሥ፣ አሸዋው ደርቋል» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ካርቱም ኖርኩ፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። የሱዳን ጦርነት መጥቶ ስንወጣ ልሰናበታቸው ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ከቤቴ አልወጣም ብለዋል። እጄን ይዘው፣ «አንድ ነገር ትተህ ሂድ፤ ለዶሮዋ እንደሚተውላት፣ እንድትመለስ» አሉኝ። የሱቄን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ስልካቸው መጥራት ካቆመ ቆይቷል። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ሱቁም ሳይፈርስ የቀረ አይመስለኝም። ትናንት ከሰዓት ዶሮዋ መጥታ በተተወላት እንቁላል ላይ ስትቀመጥ አይቼ ግን፣ ያን ቁልፍ ይዤው ባለመምጣቴ ደስ አለኝ።