እድሬን ትቼ ጎንደር አልሄድም

ሐሙስ ንጋት፣ ወደ ቦሌ

ከቤት የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። እናቴ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ይነዳል፤ እኔ ከጎኑ ሆኜ ስብከቱን እሰማለሁ።

«አሁንም አልረፈደም» ይላል። «ትኬቱ ቢቃጠልስ ምን አለበት?»

ትኬቱ አይቃጠልም። የሚፈልገኝ ሆስፒታል ያለው ጎንደር ነው፣ እስከ ሰኞ ቁርጡን እንዳሳውቅ ነግረውኛል፣ እኔም ከተማውን በዓይኔ አይቼ ልወስን እየሄድኩ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የተሰበረ ሰው፣ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ሰው እንደገና እንዲራመድ አለማምዳለሁ። አዲስ አበባ እንደኔ ያለው ሞልቷል፤ እዚያ ግን በጣት ይቆጠራል። ይህን ለዳዊትም፣ ለባልደረቦቼም፣ ለጎረቤትም አስረድቼ ደክሞኛል። ሰው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፍ አንቺ ምን ነክቶሽ ነው የምትወጪው? መንገዱስ? ሰላሙስ? ውኃውስ? ሁሉንም ሰምቻለሁ። እዚህ ብቀር ምን እንደማገኝ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም።

የዳዊት ዋና መከራከሪያ እናታችን ናት። የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ እሷን ጥዬ አልሄድም። እሷ ደግሞ ነገሩ ከተነሣ ጀምሮ መልሷ አንድ ነው፤ «እድሬን ትቼ ጎንደር አልሄድም።»

ዕድሜዋን ሙሉ የከፈለችበት እድር ነው። የወጥ ቤቱ አዛዥ እሷ ነበረች፤ ለስንት ለቅሶ ሽንኩርት እንደከተፈች ራሷም አታውቀውም። ግን ሰፈራችን ፈርሷል። እድርተኛው በየኮንዶሚኒየሙ፣ በየከተማው ጫፍ ተበትኗል። የእናቴ የወጥ ቤት ዕቃም በካርቶን ታሽጎ ዳዊት ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ገብቷል። ባለፈው ክረምት አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ሲያርፉ የእድሩ ድንኳን የደረሰው ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነበር። እናቴ ይህ ሲነሣባት «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» ትላለች፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል።

«እዚያ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይቀብራታል?» አለኝ ዳዊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይሰማኛል እኮ» አለች እናቴ ከኋላ።

ሐሙስ ረፋድ፣ አዘዞ

ከአውሮፕላን ስንወርድ ደረቅ ፀሐይና ቀዝቃዛ ንፋስ አንድ ላይ ተቀበሉን። ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ሻንጣችንን አየት አድርጎ «ግንቡን ልታዩ ነው?» አለ።

«ቤት ልናይ ነው» አልኩት።

«ለመግዛት?»

«ለመኖር። ከአዲስ አበባ ልመጣ ነው።»

ዞር ብሎ ሲያየኝ ባጃጇም አብራው ዞር አለች። «እኔ እስከዛሬ ያደረስኩት የሚሄደውን ነው» አለ።

«እንግዲያው የሚመጣውንም ማድረስ ጀምር!»

«ሸጋ!» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

አዘዞ ግራና ቀኙ ግንባታ ነው። የባሕር ዛፍ አጣና የተደገፈ ፎቅ፣ የብሎኬት ክምር፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ «የሚከራይ ሱቅ» የሚል ጽሑፍ፤ ከዚያ መሐል ድንገት ያረጀ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ጥዶቹ ብቅ ይላሉ። ሚኒባሶቹ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያሉ ይጣራሉ። ሲሚንቶው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ጽዱና ያለቀለት ከተማ እየፈለግሁ አይደለም፤ ያለቀለት ከተማ እኔን ምን ያደርገኛል? እናቴ ግን አቧራውን በነጠላዋ እየመከተች «ይሄ ሁሉ ሰው የማን ነው?» አለች። የማን እድር ነው ማለቷ እንደሆነ ገባኝ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ አራዳ

ፒያሳ አንድ ጣሊያን የሠራው ሕንጻ ሥር ማኪያቶ ጠጥተን በእግራችን ወደ አራዳ ወረድን። ግንቡን በአጥሩ በኩል አልፈነው ሄድን፤ ሰው የሚኖረው ግንብ ውስጥ አይደለም።

ቤቱን የጠቆመችኝ ሆስፒታሉ የምትሠራ ነርስ ናት። ከአንድ ግቢ ጀርባ ሁለት ክፍል፣ ትንሽ ወጥ ቤት፣ በራፉ ላይ የሎሚ ዛፍ። ኪራዩ ከማነሱ የተነሣ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅሁ። ባለቤቷ እትዬ ብርዛፍ ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ ከእናቴ ትንሽ የሚያንሱ፣ ሲናገሩ ወገባቸውን የሚይዙ ሴት ናቸው።

እናቴ ቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄዳ ከፈተችው። ቧንቧው ተነፈሰና ዝም አለ።

«ውኃ በፈረቃ ነው» አሉ እትዬ ብርዛፍ ሳያፍሩ። «በርሜል አለ። ሲመጣ መሙላት ነው።»

«የግድግዳው እርጥበትስ?»

«ክረምት ያልፍ የለ?»

ወደድኳቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት እናቴን ነው። «አንቱስ እናታለም፣ ቤቱን እንዴት አዩት?»

«እኔ አልኖርበትም። እድሬ አዲስ አበባ ነው።»

እትዬ ብርዛፍ ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ፤ «እሱስ እውነትዎን ነው» አሉ።

ተናደድኩ። አከራይ ሆኖ ከተከራይ እምቢታ ጋር የሚስማማ ሰው አይቼ አላውቅም። እስከ ማረፊያችን ድረስ ከእናቴ ቀድሜ ተራመድኩ፤ እሷ ደስ ብሏት ከኋላዬ ትከተላለች።

ዓርብ፣ የዳባት መንገድ

ሥራውን ከያዝኩ በየሳምንቱ አንድ ቀን ደጋ ወጥቼ ሕመምተኞች ማየት አለብኝ። ይህንንም ልየው ብዬ የሆስፒታሉ መኪና ውስጥ ገባሁ። እናቴን «ማረፊያው ቤት ቆዪ» ብላት እምቢ አለች። ሹፌሩ አያ መልካሙ ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት ሁለት ቦታ ደወሉ። «መንገዱ ዛሬ ደህና ነው» አሉ። ይህ ጥያቄ እዚህ ከሰላምታ ጋር አብሮ ይጠየቃል። ዳዊት ቢሰማ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አያ መልካሙ ግን መሪውን ይዘው «ተቀምጠን እስኪያልፍ ብንጠብቅ ማን ያክማቸዋል?» አሉኝና ወጣን።

ኮሶዬ ስንደርስ ብርዱ በመስኮት ገባ። በስተግራ ምድሩ ድንገት ያልቅና ከታች ቆላው በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ገና ያልታጨደውን ንፋስ ያስተኛዋል፣ የታጨደው በየማሳው ተከምሯል። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ደረስን። ነጭ ሽንኩርት በማዳበሪያ ከረጢት፣ ነጭ ሽንኩርት በአህያ፣ ነጭ ሽንኩርት መሬት ላይ። መኪናው ውስጥ እንኳ ሸተተን።

«አቁምልኝ» አለች እናቴ።

ወረደች። አንዱን ፈልፍላ አሸተተች፣ በጥፍሯ ሰነጠቀች፣ ከሻጯ ጋር ተከራከረች፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ይዛ ተመለሰች።

«አልኖርበትም ያልሽው አገር ነጭ ሽንኩርት ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ይሄን ዓይነት አዲስ አበባ የለም» አለች። ክርክሩ አለቀ።

ዳባት ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው፣ አያ ደሳለኝ የሚባሉ ገበሬ፣ አምና ከበሬ ጋር ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ የሚያለማምድ ሰው ግን ስላላገኙ በትራቸውን ሙጭጭ አድርገው እየተጎተቱ ነው የመጡት። ጡንቻቸውን ፈተሽኩ፤ በትሩን በየትኛው እጅ እንደሚይዙ፣ ክብደታቸውን እንዴት እንደሚያሳርፉ አሳየኋቸው። አግዳሚውን ተደግፈን ሄድን፣ ተመለስን። ከዚያ ሳይደገፉ ሄዱ። ፊታቸው ወዝቶ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ እኔን አዩኝ።

«ሸጋ ነው። ምነው እስካሁን ቆያችሁ?»

ሳቅሁ።

«መቼ ትመለሻለሽ?» አሉ ቀጥለው።

እናቴ አግዳሚው ጫፍ ላይ ፌስታሏን ታቅፋ ታየናለች። ለአያ ደሳለኝ የሰጠሁት መልስ ማልጎምጎም ብቻ ነበር፤ አፈርኩ። ስንመለስ ዳባትን ሳንለቅ እናቴ ትከሻዬን ነካች።

«ሥራሽ ሸጋ ነው» አለች፤ ቃሉን ከመቼው እንደለመደችው። «እኔ ግን አልመጣም። ነገ ለሴትዮዋ ንገሪያት።»

ማልቀስ አማረኝ። አላለቀስኩም፤ አያ መልካሙ እንዳያዩኝ በመስኮቱ ገብሱን አየሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ለሰው ሁሉ እምቢ ማለት እችላለሁ፣ ለእሷ ግን አልችልም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አራዳ

ለእትዬ ብርዛፍ «ቤቱን ለሌላ ይስጡት» ልል ወረድን። እናቴ ነጭ ሽንኩርቷን ማረፊያችን ትታ አልወጣችም፤ «ይሰረቃል» ብላለች። የቅያሱ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ መንገዱ በድንኳን ተይዟል። ወንዶች ካስማ ይመታሉ፣ አግዳሚ ይደረድራሉ። ከእትዬ ብርዛፍ ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ሌሊት አርፈዋል።

እኔ ጥግ ጥጉን ላልፍ አሰብኩ። እናቴ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ድንኳኑ ገባች። ለማታውቃቸው ሰው፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መሐል ተቀምጣ የምሯን አለቀሰች። አጠገቧ ያለችው ሴት «እናታለም፣ ለሟች ምናቸው ነዎት?» አለቻት።

«ምናቸውም አይደለሁም። ሰው ሞቶ ዝም ብዬ ልለፍ?»

ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ ተነሣችና ወደ ጓሮ ሄደች። ተከተልኳት። ጉልቻው ተጎልቷል፣ ሴቶቹ ከበው ቀይ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ መሐላቸው እትዬ ብርዛፍ ወገባቸውን ይዘው ያዝዛሉ። እናቴ ፌስታሉን ፊታቸው ዘረገፈች። አንዷ ቦታ ለቀቀችላት፣ ሌላዋ ቢላ ሰጠቻት።

አንዴ ከተፈችና ቢላውን አነሣችው። «በዚህ ዱልዱም ነው እንዴ የምትከትፉት?»

ሁሉም ቀና አሉ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እኛ ስንከትፍበት ኖረናል» አሉ እትዬ ብርዛፍ።

«ለዚህ ነዋ እንዲህ የተጎማመደው! ይሄ ሽንኩርት ይቁላላል እንጂ አይሟሟም። ወጡ ውኃ ይሆናል።»

«ወጣችንን ሳይቀምሱ?»

«አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል።»

ድንጋይ ጎትታ ቢላውን ትስለው ጀመር። ጭቅጭቁ ቀጠለ፤ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ድስቱ መጠን። ሁለቱም አንዳቸው ለአንዳቸው አልተረቱም፣ ሁለቱም እጃቸው አላረፈም። እናቴን እንዲህ ስትጨቃጨቅ ያየኋት ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፅዋ ራሱ ሌላ ነበር። እኔን አንዷ «አንቺ ልጅ፣ ውኃ አቀብዪ» አለችኝ። ከየግቢው በር ጀሪካን እየወጣ ነበር፤ ፈረቃው ገና ሳይደርስ ሁሉም ካለው በርሜል ቀንሶ አምጥቷል።

ድስቱ ሲወርድ እትዬ ብርዛፍ በጭልፋ ቀመሱ። ለእናቴም አቀመሷት።

«ለአርባው የራስዎን ቢላ ይዘው ይምጡ» አሉ። «ሽንኩርቱን የሚያዙት አንቱ ነዎት።»

«እድርተኛ አይደለሁም» አለች እናቴ።

«ታዲያ አሁን ምን እየሠሩ ነው?»

እናቴ ቢላውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለሰጠቻት ሴት መለሰች። ወደ ቀብሩ ከሴቶቹ ጋር በእግሯ ሄደች፣ በእግሯ ተመለሰች፣ እትዬ ብርዛፍ ክንዷን ይዘው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ስለ ቤቱ ልናገር የመጣሁትን አልተናገርኩም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

እሑድ፣ መመለሻ

እናቴ እስከ አዘዞ መንገዱን፣ አውሮፕላን ውስጥም ደመናውን ስታይ ቆየች። ስለ ቤቱ ብጠይቃት ነገሩ የሚበላሽ ስለመሰለኝ ስለ ሌላ ሌላው አወራኋት። እጇን አሸተትኩት፤ አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ዳዊት ቦሌ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ያሸነፈ ሰው ፈገግታ ፈገግ ብሏል። «እህሳ፣ ወጣላችሁ?» አለና የእናቴን ሻንጣ ተቀበላት።

«ያ ጥቁር እጀታ ያለው ቢላዬ አንተ ዘንድ ነው?» አለችው።

«የቱ ቢላ?»

«የእድሩ። ካርቶን ውስጥ ነው። አውጣልኝ፣ ለአርባ እፈልገዋለሁ።»

«የማን አርባ?»

«የመምህሩ።»

ዳዊት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ እናቴ አየሁ። የቱ መምህር እንደሆኑ አልጠየቀም፤ የት መሆኑ ገብቶታል። እስከ መኪናው ድረስ አስቦ የቀረችውን የመጨረሻ መከራከሪያ አወጣ።

«እማዬ፣ ቢላ ይዘሽ አውሮፕላን ላይ አያስወጡሽም እኮ!»

እናቴ ተደላድላ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«በእጄ እይዛለሁ ማን አለህ? ከአልጋዬ ጋር ነው የሚጫነው።»