የጋሽ ሽፈራው የማሽላ ጉድጓድ

የሰፈራችን ሰው ጋሽ ሽፈራው ድህነቱን ሲያወራ ድንጋይ ያስለቅስ ነበር። የግብር ገማቾች ሲመጡ ቡትቶውን ይለብሳል፤ ማሽላውን ከጓሮው ጉድጓድ ጨምሮ አፉን ይደፍንና እበት ይከምርበታል። ጭቃ ሹሙ አቶ ታከለ እንኳ አንድ ጊዜ አዝነው ሸማ አልብሰውታል።

ብልሃቱ የማይሠራው ወንዛችን ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ሞልቶ ከሸዋ ሮቢት ይቆርጠናል፤ ልጁ በላይነሽ ያገባችው ደግሞ እዚያ ማዶ ነው። ስትወልድ አልደረሰም፤ የልጅ ልጁ ክርስትናም አመለጠው። ነሐሴ ላይ ሕፃኑን ከወዲያኛው ዳር ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ እሱም ከወዲህ እጁን ሲያውለበልብ ዋለ።

በበጋው ድልድይና የአውቶቡስ መንገድ የሚያጠና መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣ፤ አቶ ታከለም አብረውት ነበሩ። የሚሻገረው እህልና ሰው ወጪውን የሚያካክስ ካልሆነ ድልድዩ ወደ ሌላ ወንዝ እንደሚሄድ ነገረንና ምን ያህል እንደምናመርት ጠየቀ። እኛ ደግሞ «ምን ያህል» የሚል ቃል ከሹም ጋር ሲመጣ ምላሳችን ይታሰራል። ጎረቤታችን ሐሚድ ግመሎቹን ሁሉ ረስቶ አንዲት አንካሳ አህያ ብቻ እንዳለችው ማለ። እኔም ገበያ የምወጣው ለወሬ ነው አልኩ። ጋሽ ሽፈራው ግን ሁላችንንም በለጠን፤ የማሽላን መልክ ከረሳ መቆየቱን እያለቀሰ ተናገረ። ሙያ ለባለሙያው ነው።

መሐንዲሱ ከልቡ አዘነልን። የሚሻገር ነገር ከሌለ ድልድዩ አያዋጣም አለና ወደ መኪናው ገባ።

ሞተሩ ሲነሳ ጋሽ ሽፈራው ወደ ማዶ ያይ ነበር። ድንገት ሮጦ መኪናው ፊት ቆመ። መሐንዲሱንም አቶ ታከለንም ወደ ጓሮው ወሰዳቸውና እበቱን ጠርጎ የጉድጓዱን አፍ ከፈተ። ተደፍኖ የከረመ ማሽላ ሽታው አይደበቅም፤ ሁላችንም አቀረቀርን።

«ይህ ሁሉ የሚሻገር ነው» አለ። «አቶ ታከለ፣ እርስዎም ይዩት። በክረምት ከልጄ ደጅ የሚያደርሰኝ ከሆነ እገብራለሁ።»

ሐሚድ ቀስ ብሎ ግመሎቹን ሊያመጣ ሄደ።

ከማዶ ማዶ እጅ እያውለበለቡ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ድልድዩ ተሠራ፤ የጋሽ ሽፈራውም ግብር አብሮ አደገ። ወንዙ በሞላበት ሐምሌ በመጀመሪያው አውቶቡስ አብረን ተሳፈርን። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀው ልማዱ መጣበትና ድህነቱን ማውራት ጀመረ፤ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀበት፤ እሱም ከፈለ።

ከበላይነሽ ደጅ ስንደርስ ሕፃኑ በእግሩ የሚሮጥ ሆኗል። እናቱ አያትህ መጣ ስትለው ዞር ብሎም ሳያየን ወደ ወንዙ ሮጠ። በክረምት አያት የሚታየው እዚያ ነው። ከዳሩ ቆሞ ማንም ወደሌለበት ማዶ እጁን ሲያውለበልብ፣ ጋሽ ሽፈራው ከኋላው ደርሶ አቀፈው።