ፈረሰኛው ከሄደ በኋላ

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ጎማ ላስቀይር ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ቀና ብዬ ሳላይ ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ አወቅሁ፤ ደረቅ መሬት ላይ ቀስ ብሎ የሚራመድ አንድ ፈረስና ንፋስ፣ ሌላ ምንም። ስሜ ሲጠራ እንኳ አልሰማሁም፤ በሐሳቤ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር እንኖርበት በነበረው፣ ከኮሎምበስ በስተሰሜን ባለው አፓርትመንት፣ ምንጣፉ ላይ በደረቴ ተኝቼ ነበር።

አጎቴ ደምሴ የመጣው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኔ ጋሼ ነበር የምለው። ከዚያ በፊት ዳላስ ኖሯል፣ ከዳላስ በፊት ሚኒሶታ፣ ከሚኒሶታ በፊት የት እንደነበረ እማዬም በውል አታውቅም። አንድ ሻንጣ ይዞ ደረሰ፣ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት መንዳት ጀመረ፣ ማታ ማታ ሶፋችን ላይ ያድር ነበር። እማዬ ግሮቭ ሲቲ የከሰዓት ሺፍት ትሠራ ስለነበር፣ ቅዳሜም ኦቨርታይም ስለምትገባ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ ጭር ያለ ቤት ነበር። ጋሼ ከመጣ በኋላ ግን በሩን ስከፍት ሰው አገኝ ጀመር።

በረዶው ሲጠና፣ ቅዳሜን ሙሉ የድሮ የካውቦይ ፊልም የሚያሳይ ቻናል አገኘን። ታሪኩ ሁሌም ያው ነበር። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ብቻውን በፈረስ ይመጣል፣ ጥቂት ይናገራል፣ ጉልበተኞቹን ከመንደሩ ያባርራል፣ አንዲት ሴት ትወደዋለች፣ እሱም የሚወዳት ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ግን ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ይሄዳል። እኔ የምጠብቀው ያንን መጨረሻ ነበር፤ እየራቀ ሄዶ ነጥብ እስኪያክል ዓይኔን አልነቅልም ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ የሚሄድ ሰው ሁሉ ትልቅ ምክንያት እንዳለው ማመን ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ። ጋሼም ጥቂት ይናገር ነበር፣ የተበላሸ ነገር ሲያይ ሳይጠየቅ ይጠግን ነበር፣ ስለዚህ በእኔ ዓይን ፈረስ ብቻ ነበር የጎደለው።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ እትዬ አስቴር ትኖር ነበር። አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት የምትሠራ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ነበረች። አንድ ብርዳማ ጠዋት መኪናዋ አልነሳ ቢላት ጋሼ ባትሪዋን ቀየረላት፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ በሳህን ሸፍና እየመጣች አብራን ትቀመጥ ጀመር። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ ይፈካ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፈረሰኛው እንደ ልማዱ ሊሄድ ሲነሳ እትዬ አስቴር «ምናለ ቢቀር?» አለች።

«ከቀረማ ፊልሙ አያልቅም» አላት ጋሼ።

«ያልቃል እንጂ። በሠርግ ያልቃል።»

ጋሼ ፈገግ አለ፣ እሷም እኔን እያየች ሳቀች፣ እኔ ግን ፊልም በሠርግ የሚያልቅ ከሆነ አላይም ብዬ አኮረፍኩ። በዚያ ሳምንት እማዬ ራት እያቀረበችለት «ደምሴ፣ አሁንስ እዚሁ ብትረጋ?» ስትለው ሰምቻለሁ። «እስቲ እናያለን፣ እታለም» ነበር መልሱ።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ በጀመሩበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣውን መኪናው ውስጥ ሲያስገባ በመስኮት አየሁትና ሮጬ ወረድኩ።

«ወዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ሲያትል።»

«እትዬ አስቴር ታውቃለች?»

«ሥራ ላይ ናት። ኮል አደርግላታለሁ። በይ ግቢ፣ ብርድ ነው።» ግንባሬን ሳመኝና ሄደ። አላለቀስኩም። እንዲያውም ኮርቼ ነበር፤ መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ፣ ፈረሰኛን የሚሸኝ ሰው እንደዚያ ይቆማል ብዬ ስላሰብኩ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስቴር ነበረች፣ ሳህኗን ይዛ፣ ፀጉሯን ተሠርታ።

«ጋሼ ሄደ» አልኳት።

«ሥራ ገባ?»

«አይ፣ ሲያትል። አልደወለም?»

ገብታ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የተጀመረውንም ፊልም እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት የወጥ ቤቱ ገንዳ ውስጥ የነበረውን ዕቃ አጠበች፣ «ይኼን ለእናትሽ አሙቂላት» አለችኝና ወረደች። ፊልሞቹ ፈረሰኛውን ተከትለው ስለሚሄዱ፣ ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርግ እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም ነበር። በሩን ቆልፌ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፣ ቤቱም እንደ ድሮው ጭር አለ።

በዚያ በጋ ቅዳሜዎቹ በጣም ረዘሙብኝ። እትዬ አስቴር ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ትስመኝ ነበር፣ ስለ ጋሼ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥሩ ሰው አገባችና ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር ቤት ገዙ፤ ሠርጓ ላይ እማዬ አለቀሰች፣ ሰው ሁሉ የደስታ መሰለው።

ጋሼ ከሲያትል ዴንቨር ሄደ፣ ከዴንቨር ሌላም ቦታ፣ አሁን ስልሳን አልፎ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ባለፈው ዓመት ሳናስበው ወሬ ወሬን አንስቶ፣ ያን ጊዜ ሲያትል ማን ይጠብቀው እንደነበረ ጠየቅሁት።

«ማንም» አለኝ። «የመጀመሪያውን ሳምንት መኪና ውስጥ ነው ያደርኩት። አስቴር አትሂድ ብትለኝ እቀር ነበር፤ እሱን ነው የፈራሁት።»

ልጅ ሳለሁ ብቻውን የሚሄድ ሰው ምንም የማይፈራ፣ ከሩቅ የሚጠራው ነገር ያለው ይመስለኝ ነበር። አሁን እሁድ እሁድ ጋሼ ይደውላል፣ የኮሎምበስን አየር ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ፣ እኔም የእሱን እጠይቀዋለሁ፣ ከዚያ የምንለው ያልቅብናል። ስልኩን ግን ሁለታችንም ቶሎ አንዘጋም።