ሜፕል ሲፈላ ዓይን አይጨፈንም

የትነበርሽ ኔዘርላንድ፣ ስኪፖል አየር ማረፊያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ከአውሮፕላን የሚመለሱ የምግብ ትሪዎች በሚታጠቡበት ክፍል ነው። ከቁርስ ትሪዎች ላይ አንዳንድ ጊዜ አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ያልተከፈቱ የሜፕል ሽሮፕ ጠርሙሶች ይመለሱ ነበር። ደንቡ ይጣሉ ይላል። አንድ ቀን አንዱን ከፍታ በጣቷ ቀመሰችና ከምን እንደሚሠራ አለቃዋን ጠየቀችው።

«ከዛፍ ውሃ ነው» አላት። «ሲፈላ ውሎ ሲወፍር ይሄ ይሆናል። ዛፉ እኛም አገር ሞልቷል፤ ኤስዶርን እንለዋለን።»

ነገሩ በልቧ ቀረ። ጡረታ ከወጣች በኋላ ስሎተርቫርት በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ ቅርብ በሆነ የአትክልት ማኅበር ውስጥ ተመዝግባ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቁራሽ መሬት ደረሳት። ጎመንና ድንች ልትተክልበት ነበር ያሰበችው። መሬቱ ጫፍ ላይ ግን ሁለት ወፋፍራም ኤስዶርኖች ቆመው አገኘች።

በመጀመሪያው ዓመት ግንዳቸውን በስታ ያጠራቀመችውን ውሃ ቤቷ ወስዳ በጋዝ ምድጃ አፈላችው። እንፋሎቱ የወጥ ቤቱን የግድግዳ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ላጠው። አረፋው ሲገነፍልባት ትንሽ ቅቤ ጣል ቢደረግ እንደሚበርድ ሰምታ ነበርና ቤት ያለውን ንጥር ቅቤ ጨመረችበት። ሽሮፑ ኮሰረት ኮሰረት ሸተተ።

የእህቷ ልጅ ፊልጶስ ቀምሶ «እትዬ፣ ይሄ ለክትፎ ነው የሚሆነው» አላት።

ፊልጶስ ሮተርዳም መርከብ የሚጠገንበት ቦታ በያጅ ነው። ያፌዝባት እንጂ በሚቀጥለው ክረምት በተዋሰው መኪና አንድ ማትነኛ፣ የዛፉን ውሃ እያፈላ የሚያወፍር ምድጃ፣ ጭኖላት መጣ። ከታች ውስጡ በሸክላ ጡብ የተለበጠ የእሳት ሣጥን ነው፤ ከኋላው ሁለት ሰው የሚያህል የጭስ ማውጫ ቆሟል። ከላይ የማይዝግ ብረት ትሪ ተቀምጧል፤ ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ጠርዙ አንድ ስንዝር። ትሪው በአራት ተከፍሏል። ጥሬው ውሃ በአንደኛው ክፍል ይገባና በየክፍሉ እየዞረ፣ እየወፈረ ይሄዳል፤ አራተኛው ክፍል ሲደርስ ሽሮፕ ሆኖ በቧንቧ ይወርዳል። ውሃው ከሁለት ጣት በታች መውረድ የለበትም። እንጨቱም ደረቅ፣ እንደ ክንድ የቀጠነ መሆን አለበት። እሳቱን በየሰባት ደቂቃው ካላጎረሱት መፍላቱ ይቆማል። ይህን ሁሉ የትነበርሽ ተበላሽቶባት እየተማረች ደረሰችበት።

ከዚያ ወዲህ የአትክልቱ ሰዎች በበሯ ሲያልፉ መቆም ጀመሩ። «ዛሬ ስንት ሊትር ወጣልሽ?» ይሏታል። ስምንት ጎረቤቶች የራሳቸውን ዛፎች እንድትበሳ ፈቀዱላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሥራዋ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ችግሩ የማኅበሩ ደንብ በግቢው እሳት ማንደድን መከልከሉ ነው። ደብዳቤ ብትጽፍ ኮሚቴው ለሙከራ የሦስት ሳምንት ጊዜ ሰጣት። የመጨረሻው ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ማርያን የምትባለው የደኅንነት ኃላፊ መጥታ ታያለች፤ ጭሱ ሰው የሚያስቸግር ከሆነ ማትነኛው ይነሣል።

ያን ቅዳሜ የትነበርሽ ገና ሲነጋ እሳቱን አያያዘች። ሌሊቱን ውርጭ ነበር፤ በርሜሎቹ ውስጥ መቶ ሃምሳ ሊትር ተጠራቅሟል። ፊልጶስ እንጨት ይፈልጣል፣ እሷ አረፋ ትገፍፋለች። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ለዓይን እንኳ አይታይም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ገብረመድህን ከዴን ሃግ በባቡር መጡ። እነ የትነበርሽ የሚጸልዩበት ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የትነበርሽ የመጀመሪያው ሽሮፕ ከመውረዱ በፊት እንዲባርኩላት ለምናቸው ነበር። አራተኛው ክፍል መዳረሻው ላይ ነው፤ ቴርሞሜትሩ መቶ ሁለት ይላል። መቶ አራት ሲደርስ ይወርዳል።

«ቆመን እንጸልይ» አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ።

ሦስቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ገብረመድህን ስለ ዛፉ አመሰገኑ። ስለ ኔዘርላንድ መንግሥት ጸለዩ። በዴን ሃግ ጉባኤ የታመሙትን በየስማቸው ማንሣት ጀመሩ።

የትነበርሽ የፍላቱ ድምፅ ሲለወጥ ሰማች። ሲጀመር ቆርቆሮ ላይ እንደሚያርፍ ካፊያ ነበር፤ አሁን ገንፎ እንደሚንተከተክ ሆኗል። ሽማግሌ ጸሎት ላይ እያለ ዓይኗን ገልጣ አታውቅም። አሁን «አሜን» ይላሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ወደ ወይዘሮ አበባይሽ የጉልበት ሕመም ተሻገሩ። የተቃጠለ ስኳር ሸተታት።

ዓይኗን ስትገልጥ ፊልጶስም በአንድ ዓይኑ ያያታል።

«ላቋርጣቸው?» አላት በከንፈሩ ብቻ።

እሷ ባልዲውን አንሥታ ጥሬውን ውሃ ትሪው ላይ ደፋችው። ጥቁር ጭስና እንፋሎት ቡልቅ ብሎ አጥሩን ተሻገረ። ጋሽ ገብረመድህን ሳሉና ጸሎታቸውን አቆሙ።

ማርያን በሩ ላይ ቆማለች። ቀደም ብላ ነው የመጣችው።

«ሦስት ሰዎች እሳት አጠገብ ቆማችኋል» አለች በደችኛ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «አንዳችሁም አታዩም ነበር። ይህን ምን ብዬ ልጻፍ?»

የትነበርሽ ፊቷ ጋለ። ስትደነግጥ ደችኛዋ ይጠፋታል። እንደምንም «ጭሱ ከእሳቱ አይደለም፣ ከትሪው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሠላሳ ሊትር ይቀረኛል፤ ቁጭ በይና እይኝ» አለቻት።

ማርያን ሰዓቷን አየች። «እስከ አሥር ሰዓት ተኩል እቀመጣለሁ። እንዲህ ያለ ጭስ ደግሜ ካየሁ ግን ማትነኛው ዛሬውኑ ይወጣል።» ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ፊልጶስ አራተኛውን ክፍል ውሃ እንዳይገባበት በማገጃ ዘግቶ ያረረውን በብረት ፋቀው፣ አጠበው። የሌሎቹ ክፍሎች ውሃ ቢቀጥንም አልተቃጠለም። የትነበርሽ እሳቱን እንደገና አበረታችና ከትሪው ሳትርቅ ቆመች። ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ እየጨመረች አፈላች። ጋሽ ገብረመድህን እንጨት እያቀበሉ «ጸሎቱ ሳያልቅ ቀረ» አሉ አንድ ጊዜ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ።

ቴርሞሜትሩ መቶ ሦስት ሲል ኮፍያቸውን አወለቁ። «እንግዲህ እንፈጽመው።»

ፊልጶስ አክስቱን አያት። የትነበርሽ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ጋሼ፣ ይጸልዩ» አለች። «እኔ ግን ዓይኔን አልጨፍንም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ሽማግሌ ወጥቷት አያውቅም።

«ለምን?»

«ያርራላ።»

«ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁዎት።»

ጋሽ ገብረመድህን ትሪውን፣ ቀጥሎም ማርያንን አዩ። «ይሁን» አሉ። «አንቺ እዪ፤ እኛ እንጨፍናለን።»

ጸለዩ። ወንበር ላይ ለተቀመጠችው ሴትም ጸለዩላት። የወይዘሮ አበባይሽን ጉልበት ካቆሙበት ቀጠሉ። የትነበርሽ ከቴርሞሜትሩ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ቀዩ መስመር መቶ አራት ላይ ሲያርፍ ቧንቧውን ከፍታ፣ ሳታስበው ጮክ ብላ «አሜን» አለች።

ፊልጶስ ተከትሎ «አሜን» አለ። ጋሽ ገብረመድህን ዓረፍተ ነገሩ መካከል ላይ ነበሩ፤ ትንሽ ግራ ገብቷቸው «አሜን» አሉና ዓይናቸውን ገለጡ።

ሽሮፑ የጠላ ቀለም ይዞ በሱፍ ጨርቅ እየተጣራ ማሰሮ ውስጥ ይወርዳል። ከጭስ ማውጫው በላይ የሚታይ ነገር የለም። ማርያን ተነሥታ ወደ ሰማይ አየች፤ ጎንበስ ብላ ትሪውን አሸተተች፤ ከዚያ ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

«ለሚቀጥለው ዓመት ተፈቅዷል» አለች። «አንድ ግዴታ አለው። ማትነኛው በሠራ ቁጥር፣ ምንም ቢሆን እሳቱን ትቶ ዞር የማይል አንድ ሰው ይመዘገባል። ማንን ልጻፍ?»

ፊልጶስ አፉን ሊከፍት ነበር።

«እኔን» አለች የትነበርሽ፤ ስሟን ፊደል በፊደል እየቆጠረች አስጻፈቻት።