መለዋወጫው አሰላ የገባ ዕለት

የጥር ሠርግ ሊደርስ ሲል የስፌት መኪናዬ ቀጥ አለች። የታችኛውን ክር የሚያመላልሰው ትንሽ ብረት ለሁለት ተሰብሮ ነበር። ባሌ ካረፈ ወዲህ ልጆቼን የማሳድገው በዚያች መኪና ነው፤ ያውም የሙሽራ ልብስ ተቀብዬ ጨርቁን በልኳ ቆርጬ ነበር። ስብርባሪውን በመሐረብ ቋጥሬ ከተማው ውስጥ የስፌት መኪና ወደሚሸጡት ሽማግሌ ነጋዴ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ብቻ ያምጡልኝ።»

«ልጄ፣ የአዲስ አበባው አስመጪ ብረት ለብቻው አይልክም። አዲስ መኪና ይሻልሻል።»

«ይቺን በምታህል ነገር መኪናውን ሙሉ ልጣለው?»

በዚህ መሀል ከጢቾ የመጣ ልብስ ሰፊ ገባ። ሱቁ ውስጥ ለሽያጭ የቆመችውን አዲስ የስፌት መኪና ዞሮ ዞሮ አያት፤ መዘውሯን አሽከረከረና ፊቱ በራ። ወዲያው እጄ ላይ ያለውን ስብርባሪ አየ።

«ይሄ ሲሰበር የት ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ።

«አስመጪው ለብቻው አይልክም» አሉት ነጋዴው።

«እንግዲያው ይቅርብኝ» ብሎ ወጣ።

እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። «አዩ ጋሼ? ብረቷ ብትኖር እኔም መኪናዬን በጠገንኩ፣ እሱም አዲሷን በገዛ ነበር!»

ትክ ብለው አዩኝና ሳቃቸው መጣ። «ወላሂ እውነትሽን ነው! እኔው ሄጄ ለአስመጪው እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍረው አዲስ አበባ ሄዱ። ሲመለሱ አንድ ሣጥን ሙሉ መለዋወጫ አስጭነው ነበር። «‹ብረት ከሸጥኩ አዲስ መኪና ማን ይገዛኛል?› ብሎ ሞገተኝ» አሉኝ። «የጢቾውን ሰው ነገር ስነግረው ግን ራሱ ሣጥኑን ሞላልኝ።»

መኪናዬን ከቤት አስመጥቼ፣ እዚያው ሱቁ በረንዳ ላይ መፍቻ ይዤ ብረቷን ገጠምኩ። መዘውሩን ሳሽከረክረው መርፌዋ ወረደች፣ ወጣች፤ ክሩም ያዘ! እልል ስል መንገደኛው ቆመ። የሙሽራዋን ቀሚስ ለሠርጉ አደረስኩ።

የጢቾውም ሰው ወሬው ደርሶት ተመልሶ አዲሷን ገዛ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን በረንዳው ሌላ ሆነ። ከጎበሳ፣ ከሲሬ፣ ቤት ጥግ ተጥለው የዛጉ መኪናዎች በአህያ ተጭነው ይመጡ ጀመር። ነጋዴው ለእኔ ወንበርና ጠረጴዛ አወጡልኝ፤ ልብስ ሰፊነቴን ሳልተው ጠጋኝም ሆንኩ። አንዷን ጨርሼ ስታንጎራጉር ስሰማ፣ ቀና ብዬ ሳላርፍ ቀጣይዋን እጎትት ነበር።