የድመቷ ፈረሰኛ

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ረፋዱ ላይ አክስቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባላቸው ጋሼ በሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጎረቤታችን ከምሰሶው አጠገብ ናቸው። እኔ የጓዳው ደፍ ላይ ነበርኩ።

ነገሩ ከጣሊያን በፊት ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ የአክስቴ ድመት እመቤት ነበረች። ነጠላዬ ላይ ካልሆነ አትተኛም፤ ወተቷ ከቀዘቀዘ የምሰደበው እኔ ነኝ። ለፋሲካ የዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጥቼ ሳጥብ፣ ለአባወራው የሚቀርበው ብልት፣ ፈረሰኛው፣ ከገበቴው ጠፋ። አክስቴ በእኚሁ ጎረቤታችን ፊት፣ «ድመቴ አትሰርቅም፤ የበላሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ሌባ የተባለችን ልጅ ማን ያገባታል?

ለዳግማይ ትንሣኤ ሌላ ዶሮ ታረደ። ፈረሰኛውን በሚጥሚጣ አሸሁና ገበቴውን ሳልከድን ተውኩት።

ድመቷ ብልቱን ነክሳ ከጓዳ ሮጠች፤ በአክስቴ ቀሚስ ላይ ተፋችውና እያስነጠሰች መደቡ ሥር ገባች።

«ልጄን ምን አብልተሻት ነው?» ብለው አክስቴ ጮኹ።

«የጋሼን ፈረሰኛ።»

ጎረቤታችን ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ጋሼ ግን የአክስቴን ቀሚስ እያዩ፣ «ለካ የዚህ ቤት አባወራ ድመቷ ኖራለች!» አሉ።

ነጠላዬን ከመደቡ ላይ አነሳሁ፤ የድመቷን ፀጉር አክስቴ ፊት አራግፌ ወጣሁ።